ከማዶ የሚጠራ ድምፅ

«ይኼኛው ይሻላል» አለ ደምሴ፤ ግራጫውን የድምፅ ማጉያ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ከሞተር ሳይክሏ መሪ በላይ እያስተያየ። «አፉ ጠበብ ያለ ነው፤ ድምፅ አይበትንም። ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ሲላክ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።»

የሱፍ ካቻቢቴውን በጥርሱ እንደ ነከሰ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አየው። «አፉ ጠባብ ነው፤ ዋጋው ግን አይጠብም» አለ ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ። «ለነገሩ ከፋዩ መንግሥት ነው፤ እኔን ምን ቸገረኝ!»

የኅዳር ቅዳሜ ነበር፤ ዘመኑም ሰማንያ አንድ። በደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ ከኮርቻ ሻጮቹ ተርታ ፊት ለፊት፣ ከየሱፍ የሬዲዮ መጠገኛና የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ አዲሷ ሞተር ሳይክል እንደ ሙሽራ በቅሎ ቆማ መሸለሚያዋን ትጠብቃለች። ለእርሻ መሥሪያ ቤቱ ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጣች፣ ለረጅም መንገድ የተሠራች ጠንካራ ሞተር ነበረች። ስትመጣ ግን ባዶዋን ነበር የመጣችው። ለጉዞ የሚያስፈልጋትን ነጂው ራሱ ከየሱፍ ሱቅ እንዲመርጥ፣ የመረጠውንም የዘመቻው አስተባባሪ አይቶ እንዲያጸድቅ ታዘዘ። ነጂው ደምሴ ነው።

ደምሴ የከብት ክትባት ባለሙያ ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ ጉና ግርጌ፣ በሌላው ወገን ደግሞ እስከ አንበሳሜ መገንጠያ ድረስ ባሉት መንደሮች እየዞረ ደስታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ ሲከላከል ጎልምሷል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም እንጂ፣ ያ በሽታ የገባበት በረት ደስታ የሚባል ነገር ዳግመኛ አይታይበትም፤ በሬው ዓይኑ ያነባል፣ ድዱ ይቆስላል፣ በሳምንቱ አጥንቱ ብቻ ይቀራል። ክትባቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። በበረዶ ታሽጎ ይጓዛል፤ አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ደምሴ ከመንደሩ ሲደርስ ከብቱም፣ ከብቱን የሚጥለው ጎረምሳም ባንድ ጊዜ መገኘት ነበረባቸው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በጉሮሮው ነበር። መንገዱ በሚያልቅበት አፋፍ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ ማታ ደግሞ የላመ ነገር እንኳ መዋጥ ያቅተዋል። የድምፅ ማጉያ ይሰጠኝ ብሎ ስንት ጊዜ አመልክቷል! እነሆ ዛሬ ራሱ መራጭ ሆኖ በየሱፍ ደጃፍ ቆመ፤ ደስታውንም ሊደብቅ አልቻለም።

«ለጎኖቿ የሸራውን ቦርሳ እንውሰድ» አለ። «ቆዳው ያምራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ይከብዳል። ለፊቷ ደግሞ ያን የነፋስ መከላከያ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ደረትን ይበሳል። የበረዶ ሣጥኑ ከኋላ መጫኛው ላይ ይታሠራል።»

«ባትሪውስ የት ሊቀመጥ ነው?»

«ትንሹን ባትሪ ከወንበሩ ሥር ወሽቀው።»

«ዐወቅሽ ዐወቅሽ ቢሏት...» ብሎ ጀመረና የሱፍ ወደ ሱቁ ውስጥ ዞሮ ሳቀ። «ሩቅያ! ይህ ሐኪም የኔን ሥራ ሊነጥቀኝ ነው!»

«ይንጠቅህ እስቲ!» አለች ባለቤቱ ሩቅያ ከመደርደሪያው ጀርባ፤ ለአንዲት ደንበኛ የባትሪ ድንጋይ እየቆጠረች። «እሱ ቢሆን ቀጠሮ ያከብር ነበር።»

ጓድ ፈንታሁን የደረሰው በዚህ ሳቅ መካከል ነው። የአውራጃው የዘመቻ አስተባባሪ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ከመጣ ገና ዓመቱ። ዕድሜው ከደምሴ ያንሳል፤ ዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት ግን እንቅልፍ የራቀው አዛውንት ያስመስለዋል። የካኪ ኮቱን ቁልፎች ሁሉ ቆልፎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሞተሯን ዞራት።

«ማጉያው ጥሩ ነው» አለ። «ማይክሮፎን ብቻ ነው የያዘው?»

«ማይክሮፎን ይበቃኛል ጓድ» አለ ደምሴ። «እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ያጎላል።»

«ድካም ነው። ቴፕ ይኑርበት። አንዴ ቀድተህ በየመንደሩ ታጫውተዋለህ፤ ጉሮሮህም ያርፋል።» ወደ የሱፍ ዞረ። «ቴፕ ይገጠምለታል?»

«ይገጠማል ጓድ» አለ የሱፍ። «ይኸው መቅጃ ያለው አለ።»

ደምሴ ሐሳቡን አልጠላውም። እንዲያውም ወደደው። በበጋ ቀን ስድስት መንደር ሲያዳርስ ድምፁ ከአራተኛው በኋላ እንደ ዶሮ ጩኸት ይሰነጠቅ ነበርና አስተባባሪው ያሰበለት መሰለው። የሱፍ ሽቦውን አገናኘ፤ ባዶ ካሴት ከቴፑ ውስጥ አስገባ፤ ሁለቱን ቁልፎች ባንድ ላይ ተጫነ።

«በል ተናገርበት» አለው።

«ምን ልበል?»

«ገበያው ይስማህ እንጂ የፈለግኸውን። ‹ሩቅያ ለባሏ ምሳ አታቀርብም› በልበት።»

«ያቀረብሁትንስ ማን በላው?» አለች ሩቅያ።

«በሥራህ ላይ እንዳለህ ተናገር» አለ ፈንታሁን። «አፋፉ ላይ እንደ ቆምህ አድርገህ።»

ደምሴ ማይክሮፎኑን ያዘ። ፊቱን ወደ ጉና መለሰ፤ ዓይኑን ከደነ፤ ዘወትር የሚያደርገውንም አደረገ።

«አባ ሙላቴ ሆይ!»

ድምፁ ከራሱ በልጦ ወጣና በገበያው ላይ ነጎደ። አህዮች ጆሯቸውን አቆሙ። ደምሴ አንድ ረጅም ትንፋሽ ያህል ዝም አለ።

«አባ ሙላቴ ሆይ!»

እንደገና ዝም። እህል ሰፋሪዎቹ ቁናቸውን እንደ ያዙ ቀሩ።

«አባ ሙላቴ ሆይ!»

«ወይ!» አለ አንድ ድምፅ ከኮርቻ ሻጮቹ ተርታ። ገበያው በሳቅ ተናጋ። የመለሱት አያ ወርቁ ነበሩ፤ ኮርቻ ሲሠሩ ያረጁ፣ ቀልድ የማይለያቸው ሽማግሌ። «አባ ሙላቴ ባይኖሩ እኔ አለሁ! በሬ የለኝም እንጂ ቢኖረኝ ጎትቼ እመጣ ነበር!»

ፈንታሁንም ሳቀ። «አባት፣ መመለስዎ ካልቀረ ለምን በመጀመሪያው አልመለሱም?»

«በመጀመሪያው?» አያ ወርቁ ጨዋታው ደርቶላቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። «ጋኔን ቢሆንስ ልጄ? እሱ እኮ አንዴ ሁለቴ ጠርቶ ዝም ነው። ሦስት ጊዜ የሚጠራ ሰው የሆነ ብቻ ነው። የኛ አገር ሰው ሦስተኛውን ሳይሰማ ወይ አይልም። ሐኪሙማ ይህን ያውቃል! ለዚህ አይደል እንዴ በየገደሉ የገባው ጎረምሳ ሁሉ ለእሱ ብቻ...»

ንግግራቸውን አልጨረሱትም። የማንን ፊት እያዩ እንደሚናገሩ ያን ጊዜ ነው ያስተዋሉት። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ጭናቸው ላይ ያለውን የኮርቻ ልብስ፣ ግላሱን፣ አንሥተው መርፌ ይፈልጉበት ጀመር።

የሱፍ ቴፑን አጠፋ። ቀጭ ያለችው የቁልፏ ድምፅ በማጉያው ውስጥ ገብታ እስከ ገበያው ጫፍ ተሰማች።

አያ ወርቁ ሊናገሩት የነበረው በአገሩ ያልታወቀ ነገር አልነበረም፤ ያላወቀው አስተባባሪው ብቻ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ከተጀመረ ወዲህ የመንግሥት መኪና ድምፅ በተሰማበት ሁሉ ጎረምሳው ሞፈሩን ጥሎ ገደል ይገባል። አስተባባሪው የሚልካቸው መልማዮች በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ «የጎሽ ሜዳ ሕዝብ ሆይ!» ብለው አንዴ ይጮኻሉ፤ የሰው ስም አይጠሩም፣ ምላሽም አይጠብቁም። ደምሴ ግን አፋፉ ላይ ሞተሩን ያጠፋል፤ የመንደሩን አንጋፋ ሽማግሌ፣ በጎሽ ሜዳ ከሆነ አባ ሙላቴን፣ በስም ይጠራል፤ እንደ አገሩ ደንብ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ሽማግሌው በሦስተኛው «ወይ!» ሲሉ ድምፃቸው ገደሉ ውስጥ ይገባል፤ ጎረምሶቹም ከየዋሻው ብቅ ይላሉ፤ በሬ ጥለው ያስከትባሉ፤ ተመልሰው ይገባሉ። ይህን ውል ማንም አልተዋዋለውም። ደምሴም አስቦ አላበጀውም፤ ያደገበት ጎጃምም ደንቡ ያው ስለሆነ እንደ ሰው መጣራቱ ብቻ ነበር።

«እስቲ መልሰህ አሰማኝ» አለ ፈንታሁን፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

የሱፍ ደምሴን አየው። ደምሴ መሬት አየ። ካሴቱ ተመለሰና ድምፁ ወጣ፤ ከመካከሉ ያለው ትንፋሽ ሳይቀር። ደምሴ የገዛ ድምፁን ከውጭ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ሰው አለቦታው ቆሞ የሚጣራ ይመስል ነበር።

«ጓድ፣ ይኼኛው አልተሳካም» አለ ቸኩሎ። «ነፋስ ገብቶበታል። ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ እንደገና ልቅዳው።»

«ነፋሱ ጥሩ ነው። ከአፋፍ የመጣ ያስመስለዋል።»

«እኔ በማይክሮፎኑ ብሠራ ነው የሚሻለኝ። ቴፑ ትልቁን ባትሪ ይጠይቃል፤ ትልቁ ባትሪ ከመጫኛው ላይ ከተቀመጠ የበረዶ ሣጥኑ ቦታ ያጣል።»

«ቦርሳዎቹ ይቅሩ። የነፋስ መከላከያውም ይቅር፤ ብርጭቆ ነው፣ ይሰበራል። ሣጥኑን በጀርባህ ታዝለዋለህ።»

የሱፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ የዚህ ቴፕ ላስቲኩ ላልቷል። ዛሬ ደኅና ነው፤ ነገ ድምፅ ይጎትታል። አዲስ ላስቲክ ከጎንደር ላስመጣና በሚቀጥለው...»

«መደርደሪያህ ላይ ሌሎች ሁለት ቴፖች አያለሁ።»

«እነዚያ የሰው ናቸው» አለች ሩቅያ ፈጠን ብላ። «ለጥገና የመጡ ናቸው፤ ባለቤቶቹ ዛሬ ይወስዷቸዋል።»

«ባለቤቶቹ ይታገሡናል እቴ» አለ ፈንታሁን። ቃሉ ክፉ አልነበረም፤ የተነጋገሩበት ነገር ግን እዚያ ላይ አለቀ። ካሴቱን ራሱ ከቴፑ አወጣ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤ ከደረት ኪሱ ጨምሮ ቆለፈው። ከዚያ ደምሴን በክርኑ ይዞ ወደ ሱቁ ጎን፣ አሮጌ ጎማ ወደ ተከመረበት ወሰደው።

«ረቡዕ ጎሽ ሜዳ እንወርዳለን» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ክትባት ነው?»

«ክትባት ነው። አንተ ትከትባለህ። እኛ ከሸንተረሩ ጀርባ ሆነን እንጠብቃለን። ከብቱ ተከትቦ እስኪያልቅ ማንንም አንነካም፤ ቃሌ ነው። ዋሸህ የሚልህ የለም፤ ለክትባት ጠራህ፣ ከተብህ።»

«ጓድ ፈንታሁን» አለ ደምሴ። «ከጎሽ ሜዳ በታች ባለው ደብር በሽታው ገብቷል። ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም አይወጣልኝም። በጎሽ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ወሬው በሳምንት ውስጥ አውራጃውን ያዳርሰዋል። ከብቱ ያልቃል።»

«አውቃለሁ።»

«እርሻ የለም፤ በሬ ከሌለ። ለሠራዊቱስ ስንቁ ከየት ይመጣል?»

«አውቃለሁ አልሁህ!» ፈንታሁን ፊቱን አዞረ፤ ሲመልሰው ድምፁ ደክሞ ነበር። «ታናሽ ወንድሜን አምና መኪና ላይ ያሳፈርሁት እኔ ነኝ። እናቴ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ከላይ ቁጥር ይመጣልኛል ደምሴ፤ ቁጥሩን ይዞ የሚመጣው ሰው ስለ በሬ አይጠይቀኝም። ካላሟላሁ የሚያሟላው የኔው ራስ ነው።»

«እምቢ ብልስ?»

አስተባባሪው የደረት ኪሱን በጣቱ ነካ አደረገ። «ሞተሯን ሌላ ሰው ይነዳታል። ድምፅህ እዚህ አለ። ያን ጊዜ ግን ክትባት የሚባል ነገር የለም፤ ከብቱም ይቀራል፣ ጎረምሳውም ይሄዳል፣ አንተም ትታሠራለህ። አንተ ብትሄድ ከብቱ ይተርፋል። ምረጥ።»

ምርጫ ተብሎ ለደምሴ የተሰጠው ነገር ከየትኛውም ወገን ቢይዙት ያው ስለት ነበረ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ሸራ ይሻላል ቆዳ ብሎ በደስታ ሲያማርጥ የነበረው ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ሊያምን አልቻለም።

«ባትሪውን የሚያሥር ጠፍር የለኝም» የሚል የየሱፍ ድምፅ ከወዲያ መጣ። «ገመድ በመንገድ ላይ ይፈታል።»

«ሂድ ግዛ» አለው ፈንታሁን። «እዚህ ሆኜ አይሃለሁ። ቶሎ በል።»

ደምሴ ከኮርቻ ሻጮቹ ወዲያ፣ ቆዳ ነክ ነገር ወደሚሸጥበት ጥግ ሄደ። አያ ወርቁ አጠገብ ሲያልፍ ሽማግሌው ቀና አላሉም፤ «ይቅር በለኝ» ማለታቸውን ግን ሰማ። እግሩን ሳይገታ አለፈ።

ከጥጉ ጫፍ፣ የጠፍር ጥቅሎች ከፊቷ ደርድራ ማሬ ተቀምጣለች። የአባ ሙላቴ ልጅ የአያሌው ሚስት ናት። ጠፍሩን አማቷ አልፍተው ይቆርጡታል፤ ገበያ የምታወጣው ግን እርሷ ናት፤ አያሌው እንደ እኩዮቹ ሁሉ ቀን ገደል ውሎ ማታ ብቻ ነው ቤቱ የሚገባው። ደምሴን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

«እንዴት ዋሉ አንቱ ሐኪም! አሁን ስምዎን ስናነሣ ነበር። ቅድም ሲጣሩ እኮ ብድግ ብዬ! ‹ገበያ መሐል አባን ምን አድርጉ ሊሏቸው ነው?› ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።»

«ቁጭ በይ ማሬ» አለ ደምሴ። ጎንበስ ብሎ አንድ ጠፍር አነሣ፤ እንደሚገዛ ሰው እየሳበ ጥንካሬውን ፈተነ። ከሱቁ ደጃፍ የፈንታሁን ዓይን ጀርባው ላይ እንደ ተተከለ ያውቃል። «ጠፍሩን እያሳየሽኝ ስሚኝ። ፊትሽን አታጥፊ።»

ፈገግታዋ እንዳለ ቀረ፤ ዓይኗ ብቻ ተለወጠ። ሌላ ጠፍር ዘረጋችለት።

«በሬዎቹ እንዴት ናቸው?»

«የኛዎቹ ደኅና ናቸው። ከታች ግን የአጎቴ በሬ ዓይኑ ማንባት ጀመረ። አባ በየቀኑ አፋፉን ያያሉ። መቼ ነው የሚመጡት?»

«ረቡዕ ድምፄን ትሰማላችሁ። ከአፋፉ ሦስት ጊዜ ይጠራል። አትውጡ።»

«ምን?»

«ከሸንተረሩ ጀርባ ሰዎች አሉ። አያሌው አይውጣ። ማንም አይውጣ።»

ማሬ ጠፍሩን በእጇ ላይ ጠቀለለች፤ ፈታች፤ እንደገና ጠቀለለች። «ታዲያ እርስዎ ሲሆኑና ሳይሆኑ በምን እንለይ?»

«አትለዩ። እኔም ብሆን አትውጡ።»

«እርስዎ ይመጣሉ ማለት ነው?»

«እመጣለሁ። ክትባቱንም ይዤ እመጣለሁ። አትውጡ።»

«ወንዶቹ ይቅሩ እንበል፤ እኛ ሴቶቹና ሽማግሎቹ ብናወጣቸውስ? ላሞቹንና ጥጆቹን እንኳ...»

ደምሴ ይህንኑ እመንገድ ላይ አስቦት ነበር። ሽማግሌና ሴት ብቻ ቢወጣ ሰው እንደ ተነገረው ይታወቃል፤ ከዚያ አባ ሙላቴ ይያዛሉ፤ ልጃቸው በምትካቸው እስኪመጣ ድረስም ይታሠራሉ። በሌላ ቦታ ተደርጓል። ባዶ መንደር ግን የተለመደ ነው፤ ባዶ መንደር ማንንም አያሳስርም።

«አይሆንም» አለ። «ከብቱንም ጭምር ይዛችሁ ገደል ግቡ።»

«በሬዎቹ ይሞታሉ ሐኪም።»

«የታመመውን ለይታችሁ አርቁ። ባንድ ውኃ አታጠጡ። ከታች ደብር ከብት አይምጣባችሁ።» ይህን ሲል የሚያውቀውን ሁሉ ተናግሮ እንዳበቃ፣ ያወቀውም ከሞት እንደማያድን ያውቅ ነበር። ማሬም አወቀች። የገበሬ ሚስት ናት፤ ያለ በሬ የሚመጣውን ክረምት ለማየት ነጋሪ አያሻትም። እንባዋ ሞላ፤ እንዳይወርድ ግን ከለከለችው።

«አባ አያምኑኝም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ብነግራቸው ‹ደምሴ እንዲህ አያደርግም› ነው የሚሉኝ። እርስዎን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩ። አፋፉ ላይ ቆመው ስማቸውን ሦስት ጊዜ ሲጠሩ፣ ሳይወዱ በግድ ‹ወይ!› ማለታቸው አይቀርም። እሳቸው ወይ ካሉ ደግሞ ሁሉም ይወጣል።»

እውነቷን ነበር። ደምሴ የሽማግሌውን ድምፅ በዓይነ ኅሊናው ሰማው፤ ወፍራም፣ ደስ ያለው፣ ገደሉን አቋርጦ የሚመጣ ድምፅ። ጠፍሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። ከሱቁ በኩል «ደምሴ!» የሚል የፈንታሁን ጥሪ መጣ።

«እንግዲያው ሞተ በያቸው» አለ።

«ማን?»

«እኔ። ዛሬ ገበያ ስትመጪ ሞቶ ቆየሽ። ሞተር ጣለው በያቸው።»

ማሬ በድንጋጤ አማተበች። «በስመ አብ! ቆሞ ለሚሄድ ሰው? አፌ ይላል ብለው ነው?»

«ይበል። የሞተ ሰው ከማዶ ቢጠራ፣ ሦስት ጊዜም ቢሆን፣ አሥር ጊዜም ቢሆን፣ ወይ የሚል አለ?»

ማሬ ራሷን ነቀነቀች፤ የለም እንደ ማለት።

«ልቅሶ እንድረስ ይላሉ» አለች በቀስታ። «አባ ባይሆንላቸው ተሸክማችሁ ውሰዱኝ ይላሉ።»

«አስከሬኑን ወደ ትውልድ አገሩ፣ ወደ ጎጃም ወሰዱት በያቸው። እዚያው ያልቅሱልኝ።»

የጠፍሩን ዋጋ ሰጣት። አልተቀበለችም፤ እጇን ወደ ኋላ ሳበች፤ ከሙት ገንዘብ መቀበል እንደ ከበዳት ሁሉ። ያልተሸጡትን ጥቅሎች ሰብስባ በትከሻዋ አንጠለጠለች። ገበያው ገና በመድራት ላይ ነበር፤ እርሷ ግን ተነሣች። ጥቂት እንደ ሄደች ቆመችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ሐዘን እንደ ደረሰባት ሴት ጥለቱን ገልብጣ መልሳ ለበሰችው። አንዲት የምታውቃት ጨው ሻጭ አየቻት።

«ምነው ማሬ! ማን አረፈብሽ?»

ማሬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ በጎሽ ሜዳ መንገድ አቀናች።

ደምሴ ከኋላዋ ቆሞ አያት። በሬዎቹን አሰበ፤ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ጠባሳቸውንና ቀንዳቸውን ሳይቀር። አሁን ቢጠራት ትመለሳለች፤ ተይው፣ እንደ ወትሮው ይውጡ፣ ከብቱ እንኳ ይትረፍ ሊላት ይችላል። አፉን ከፈተ። ስሟ ጉሮሮው ድረስ መጣ።

ከሱቁ በኩል እንደገና ተጠራ። ማሬ የገበያውን ጫፍ አልፋ ከሰዎች መካከል ስትገባ ነጠላዋ ብቻ ይታይ ነበር። ደምሴ አፉን ገጠመ፤ ጠፍሩንም በክንዱ ላይ ጠቅልሎ ወደ ተጠራበት ሄደ።